ጉድለት

እሑድ ከቀትር ወዲያ፥ ጉባኤው ሲበተን፥
እኔና ዘርትሁን ጓዳዋ ውስጥ ቀረን፥ በሩን ቆልፈን።
የጅማ ዝናብ ነው፤ ቆርቆሮ ይደበድባል፤
ሐምሌ እዚህ አገር መች «ይብቃኝ» ማለት ያውቃል?
ባጃጆች በጭቃው ይንፏቀቃሉ ወደ መርካቶ፥
አዌቱ ከድልድዩ ሥር ያጉረመርማል ሞልቶ።

መባውን ዘረገፍን ከጣውላው ጠረጴዛ፥
ሳንቲሙ ተንከባሎ፥ ብሩ እየወዛ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ባንክ ቤት ቆጥሬ
ጡረታ የወጣሁ ገንዘብ ያዥ ነኝ ዛሬ፤
እኔ ነኝ የወጣሁ፥ ጣቶቼ ግን የሉበትም፥
ብር ሲነኩ ይሮጣሉ፤ «አርፋችኋል» ብላቸው አይሰሙም።

ብር እንደ ሰው ነው፤ የየራሱ ጠረን አለው።
ይሄ በርበሬ ይላል፤ ይሄኛው ናፍጣ ነው፤
ይሄ የዋንዛ ፍቅፋቂ፥ ከበርጩማ ጠራቢ ደጃፍ፥
ይሄ አራት ታጥፎ የኖረ ከመቀነት ጫፍ፥
ገና በላብ እርጥብ ነው። ስም ግን አንጠራም፤
ሕጋችን ነው። የሰጪን ፊት ቆጣሪ አያይም።
እኔ ቁጥሩን እላለሁ፤ ዘርትሁን ትጽፋለች፥
በመነጽሯ አናት እያየችኝ፥ ደግማ ትቆጥራለች።

ዛሬ ሁለት ባለ መቶ፥ እንደ መንታ ተጣብቀው፥
እንቢ አሉኝ፤ ጥንዱን ብነፋው፥ በጥፍሬ ብፈልቅቀው።
ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁ። ማር ነው።
የጫካ ማር፥ የጌራ፥ ጭስ ጭስ የሚለው።

አወቅሁት። ስም አንጠራም ብያለሁ።
ግን ከሐሙስ ገበያ እስከ ቤቱ አብሬው ሄጃለሁ፤
ዘንድሮ ንቦቹ ኰብልለው፥ ቀፎው ባዶውን ተሰቅሎ፥
ሦስት ቀፎ ብቻ ነው የቀናው፥ እሱንም ጉንዳን ተካፍሎ።
ከዚያ ላይ ነው ሁለት መቶ። እጁን እንኳ ሳይታጠብ።
ሰው ሲወድ፥ ያውቃል እንዴ ማሰብ?

እኔስ?
ዘርትሁን አትስማኝ እንጂ፥ እኔ ብልጡ፥ ብር አዋቂው፥
ከኪሴ መርጬ የምሰጥ የነበረው
የተቀደደውን፥ በፕላስተር የታሸገውን ነው፤
አዲሱን ለባለሱቅ፥ አሮጌውን ለእግዜር፤
ባለሱቅ ፊት ይነሳል፤ እሱ ምን ሊናገር!

ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፥ የወር መዝጊያ ለት፥
ከሣጥኔ ሦስት መቶ አርባ ብር ጎደለ፤ ደሞዜ ሁለት መቶ ሠላሳ በነበረበት ሰዓት።
ሌሊቱን ጉሮሮዬ ደርቆ፥ እስር ቤቱ ታየኝ፤
በነጋታው ሥራ አስኪያጁ፥ ጋሽ ወንዳፍራሽ፥ ጠራኝ።
«ሒሳቡ ተዘግቷል» አለ። «ሂድ፥ መስኮትህን ክፈት።»
ይኸው ነው። የተገኘ መስሎኝ ነበር፥ የደማሪ ስሕተት።
ኋላ፥ እሱ ሲቀበር፥ ድንኳኑ ውስጥ፥ ሚስቱ ናት የነገረችኝ፥
«ያ ዓመት ልጆቹ ጫማ ያልቀየሩበት» ብላ ፈገግ አለችኝ።

የተዘጋን ሒሳብ ማን ይከፍላል? ለማን?
ዕዳ አይደለም ከዚያ ወዲያ፤ እንጃ ስሙን።
ይህንን እያወቅሁ ነው፥ ቀዳዳ ብር የመረጥሁት፤
ከወንዳፍራሽ የሚበልጥ እንደ ከፈለልኝ እያወራሁ፥ እየመሰከርሁት።

በእጄ ስንት ሚሊዮን አለፈ፤ አንዱም የኔ አልነበረም፥
የሰው ነውና ተኛሁ፤ አልጨነቀኝም፥ አልጓጓሁም።
እንቅልፍ የነሳኝ «የኔ» ያልሁት ነው፤ የደሞዜ ፍርፋሪ፥
ያው እሱም አደራ ኖሯል፤ እኔም እንደ ጥንቱ ቆጣሪ።

ዘርትሁን «ስንት አልህ?» አለች፥ እስክሪብቶዋን አንሥታ።
«ሁለት መቶ» አልሁ። ዝናቡም ጋብ አለ ላንድ አፍታ።
ከኪሴ አንድ አዲስ ብር፥ ያልታጠፈ፥ ጠርዙ የሚቆርጥ፥
ከማሩ ብር ጎን አኖርሁ፥ ልቤ ሳይለወጥ።
ጻፈች። ደመረች። ፈረምን። ቆለፍን በሁለት ቁልፍ፥
አንዱ በሷ፥ አንዱ በኔ፤ የሰው ልብ እንዳይሰንፍ።

የቀረው በጣቴ ጫፍ ያለው ማር ነው።
በየትኛው ዓምድ ይገባል? ዋጋውስ ስንት ነው?
ዘርትሁን ጃንጥላዋን ስትፈታ ጠብቄ፥
ላስሁት፥
እንደ ልጅ፥ ከበሩ ጀርባ ተደብቄ።